ስሟ ያለበት ገጽ

እናትየው እጇን ከኪቦርዱ ላይ አላነሳችም። ልጇ ፐርል በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፈችው ትንሽ ፕሮግራም ፎልደሩ ውስጥ ያሉትን ፋይሎች በዕድሜ ደርድሮ፣ ያረጁትን ለመሰረዝ ፈቃድ እየጠበቀ ነበር። ከሁሉም አርጅቶ ከዝርዝሩ አናት ላይ የተቀመጠው፣ እናትየው ፊደል መማር በጀመረች ሰሞን ስሟን ብቻ የጻፈችበት ገጽ ነው።

«እማዬ፣ እጅሽን አንሺልኝ። ኮምፒውተሩ እኮ ሞልቷል። ፕሮግራሙ አይመርጥም፤ ያረጀውን ሁሉ ነው የሚጠርገው። ደግሞ አሁን ጋዜጣ እያነበብሽ ይሄ ምን ያደርግልሻል?»

«ማርጀቱን በምን አወቀ?» አለች እናትየው።

«መጨረሻ የተጻፈበትን ቀን አይቶ ነዋ። አንቺ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ዞር ብለሽም አላየሽው።»

እናትየው መነጽሯን አስተካከለች። ልጇ እንዳሳየቻት አድርጋ ገጹን ከፈተች፤ ከስሟ ሥር በአንድ ጣቷ ፊደሎቹን እየፈለገች «አለሁ» ብላ ጻፈችና ሴቭ አደረገችው።

«በይ፣ አሁን እንደገና ደርድሪው።»

ልጅቷ ደረደረችው። ገጹ ከላይ ጠፍቶ ከታች፣ ከአዲሶቹ ሁሉ መጨረሻ ብቅ አለ።

«ይሄማ ማጭበርበር ነው» አለች ሳቋ እያመለጣት። «ቆይቶ ተመልሶ ማርጀቱ ይቀራል?»

«ያርጅ። እኔም እጨምርበታለሁ።»