የሳሊሃ ጪጮ

ሳህኑን አዞራለሁ፤ ፎቶ አነሳለሁ። አዞራለሁ፤ አነሳለሁ። ሳህኑ የተቀመጠው ከአሮጌ ባጃጅ በተፈታ ኩሽኔታ ላይ ስለሆነ ድምፅ የለውም። ሠላሳ ስድስት ፎቶ አንድ ዙር ይሞላል። ከዚያ ካሜራውን ከፍ አድርጌ፣ በአፏ ቁልቁል እያየሁ፣ ደግሞ ሠላሳ ስድስት።

ሳህኑ ላይ ያለችው ጪጮ ናት፤ ከቃጫ ጥቅጥቅ ተደርጋ የተሰፋች፣ አንገቷ ላይ ዛጎል የተደረደረባት፣ ከክንድ የምታጥር የወተት ዕቃ።

«ኢንጂነር፣ ሙሽራ እኮ አይደለችም» ይላል በክሪ፣ በሩን ተደግፎ። «አንዴ ቀጭ አድርጋትና ተረከበን። ባጃጅ አቁሜያለሁ።»

«በሁሉም ጎን ካልተነሳች ኮምፒውተሩ መልኳን መሥራት አይችልም።»

«እኔን በአንድ ጎን አንስተው አይደል መታወቂያ የሰጡኝ?»

እማማ ሞሚና አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። አይስቁም። «አንተ ልጅ፣ ባዶዋን አየሃት አይደል?» ይሉኛል። «ከተሰፋች ጀምሮ ዛሬ ገና ነው ባዶ የሆነችው። ይሄ ሰውዬ ጠዋት ወተቷን ለውሻ ደፋው።»

ጪጮዋ የልጃቸው የሳሊሃ ናት። ሳሊሃ ከሦስት ዓመት በፊት በጅቡቲ በኩል ባሕር ልትሻገር ሄደች፤ ጀልባው ተገለበጠ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ድምፅም የለም፣ ሬሳም የለም። በእማማ ሞሚና ቤት ሴት ልጅ ስትወለድ ጪጮ ይሰፋላታል፤ ልጅቱ በሕይወት እስካለች ድረስ ጠዋት ጠዋት ወተት ይደረግባታል፣ ባዶዋን አታድርም። ዘመድ ግን መጠበቅ ሰልችቶታል። ለፊታችን ጁምዓ ለቅሶ ሊቀመጥ ቆርጧል። በክሪም የሟች ወንድሙን ሚስት እማማ ሞሚናን አስከትሎ፣ ጪጮዋን እኔ ለምሠራበት ባህል ቢሮ ሊያስረክብ መጥቷል።

ቅጹ ላይ ከፊርማዬ ሌላ የቀረኝ አንድ መስመር ነው። የዕቃው ባለቤት፦ በሕይወት ያለ፣ በሕይወት የሌለ።

«የሌለ በል» ይላል በክሪ። አሁን ድምፁ ዝቅ ብሏል። «እኔም እኮ አቅፌ ያሳደግኳት ናት። ግን እስከ መቼ?»

እማማ ሞሚና የሚያዩት እስክሪብቶዬን ነው። ጫፉ ወረቀቱን ቢነካ የሚሞት ሰው ያለ ይመስላል። አስቀምጠዋለሁ።

«መጀመሪያ ሞዴሉ ይውጣ» እላለሁ።

ፎቶዎቹን ወደ ኮምፒውተሩ አስገባለሁ። መጀመሪያ ጥቂት ነጠብጣቦች ጨለማ ላይ ይበተናሉ፤ ከዚያ ይሰበሰባሉ፤ አንገት ይሆናሉ፣ ሆድ ይሆናሉ። ይህን ሰዓት እወደዋለሁ። ሰው ሁሉ ወጥቶ እንኳ ብቻዬን ቁጭ ብዬ የማየው ነገር ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ያልቃል። በማውሱ ይዤ ወደ እኔ አዘነብላትና በአፏ ወደ ውስጥ አያለሁ።

ውስጧ አይታይም። ከዛጎሎቹ ሥር ነጭ፣ ለጥ ያለ ነገር ሞልቶታል።

ይሄ ያጋጥማል። ፕሮግራሙ ያላየውን ቀዳዳ በራሱ ግምት ይደፍናል፤ ሥልጠና ላይ ተነግሮናል። እንዳይደፍን አዘዋለሁ። ለማንኛውም ብዬ ወደ ጪጮዋ እሄድና ጣቴን አስገባለሁ፦ ደረቅ። መብራቱን ወደ ውስጧ አዙሬ፣ የስፌቱን መስመር በዓይኔ እስከ ታች አይቼ፣ ሰባ ሁለቱንም ፎቶ እንደገና አነሳለሁ።

«ምነው፣ ኮምፒውተርህ ሳይቅም መረቀነ እንዴ?» ይላል በክሪ።

ደመናው ከተራራው ወርዶ መስኮቱን ሸፍኖታል። ጫት የጫነ አይሱዙ ጥሩምባውን እየነፋ ያልፋል፤ ድምፁ ይሰማል እንጂ መኪናው አይታይም።

ሁለተኛው ሞዴል ያልቃል። አዘነብላታለሁ።

አሁንም ነጭ ነው። ግን ቦታው እዚያው አይደለም።

ሁለቱን ሞዴሎች ጎን ለጎን አደርጋቸዋለሁ። በመጀመሪያው ነጩ ነገር ከዛጎሎቹ ሥር ይደርሳል። በሁለተኛው ዝቅ ብሏል፤ ከላይ በቀረው ግድግዳ ላይ ደግሞ፣ ከብርጭቆ ላይ ወተት ሲጠጣ እንደሚቀረው፣ ስስ ክብ ምልክት አለ።

እማማ ሞሚና መቼ እንደተነሱ አላየሁም። ከኋላዬ ቆመዋል።

«ጎድሏል» ይላሉ።

«ማሽኑ ነው፣ እማማ። መብራቱን ስላዞርኩት… ይሳሳታል።»

«ስንት ጎደለ?»

መልሱ የመጣው ከበክሪ ነው። ከበሩ ለቆ መጥቷል፤ ጎንበስ ብሎ ሌባ ጣቱን በአግድም ስክሪኑ ላይ ያስደግፋል። ልክ የጎደለውን ያህል ይሆናል።

«አንድ ጣት» ይላል።

«አንድ ጉንጭ ነው» ይላሉ እማማ ሞሚና። «ጠዋት ጠዋት አንድ ጉንጭ። ከዚያ በላይ ሳሊሃ አትወድም፤ ብለምናትም አትወድም ነበር።»

ሦስታችንም ወደ ሳህኑ እንዞራለን። ጪጮዋ እንዳስቀመጥኳት ናት። ሦስት እርምጃ ሄዶ ውስጧን ማየት ነው፤ ማንም አይሄድም። ቅድም ያስገባሁትን ጣቴን በሱሪዬ ላይ እጠርገዋለሁ፤ ምን እንደምጠርግ አላውቅም።

«ያ ረቢ» ይላል በክሪ፣ በሹክሹክታ።

እማማ ሞሚና ይሄዳሉ። ውስጧን አያዩም። ክርናቸውን ከፍተው፣ በሁለት እጃቸው ከሥሯ ያነሷትና ደረታቸው ላይ ሳያስጠጉ፣ ቀጥ አድርገው ይይዟታል። ዓይናቸውን ከአፏ ጠርዝ ላይ ሳይነቅሉ፣ እግራቸውን ሲሚንቶው ላይ እየዳበሱ ይወጣሉ። ተረካቢ የሚለው ቦታ ላይ አልፈረምኩም፤ ፈርም የሚለኝም የለም።

መስኮቱን እከፍታለሁ። ደመናው ውስጥ ባጃጁ ይንተከተካል።

«አጥፋው!» ይላል በክሪ። «አንተ፣ አጥፋው! በእግር ነው የምንሄደው!»

ከእማማ ሞሚና ፊት ቀድሞ መሐል መንገድ ላይ ወጥቷል። ሁለት እጁን ዘርግቶ ጫት ተሸካሚውን፣ ተማሪውን፣ ፍየል የሚነዳውን ሁሉ ወደ ዳር እየገፋ ኋልዮሽ ይራመዳል።

«ዞር በሉ!» ይላል። «ዞር በሉላት፣ ይደፋል!»