የፊንባር ግራ ዓይን

ፊንባር ቀኝ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የፊደል ሰሌዳ ያነባል። «ኢ። ኤፍ፣ ፒ። ቲ፣ ኦ፣ ዜድ።» ድምፁ ረጋ ያለ ነው። እኔ በሩ አጠገብ ኮቱን ታቅፌ ተቀምጫለሁ፤ ከንፈሬ አብሮት እንዳይንቀሳቀስ ነክሼ ይዤዋለሁ።

ሰሌዳውን ያስጠናሁት እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ግላስጎው ላይ ቦክስ ተጋጥሞ ግራ ቅንድቡ ተተርትሮ ሲመለስ ዓይኑ ላይ ጭጋግ ነገር ወረደበት። ሦስት ወር ቢያርፍ ይለቀዋል ተባለ፤ የቦክስ ፈቃዱ ዓይኑ ተመርምሮ የሚታደሰው ግን በሁለተኛው ሳምንት ነበር። ሳል ይዞኛል ብዬ እዚሁ ክፍል ገባሁና ሐኪሙ ጀርባቸውን ሲያዞሩ ፊደሎቹን ክንዴ ላይ ጽፌ ወጣሁ። ከዚያ በእናታችን ወጥ ቤት ውስጥ ድንች እየላጥኩ እንደ ዳዊት አስደገምኩት። ጭጋጉስ እውነትም ለቀቀው። ሰሌዳው ግን አፉ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አይቶ ያንብብ በቃሉ ይውጣው የጠየቀው የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ሥራዬ ደም ማቆም ነው። ወንድሜ ሠላሳ አንድ ጊዜ ተጋጥሞ ሃያ ስድስቱን አሸንፏል፤ በሁሉም ላይ፣ በዙሮቹ መሃል ባለችው አንዲት ደቂቃ ፊቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ቀን ቀን ግድግዳ ይለስናል፣ ከሥራ ሲወጣ ይሠለጥናል። ሠላሳ አራት ዓመት ከሞላው በኋላ፣ ተራው የነበረው ሰው ታመመና የአውሮፓ ቀበቶ ግጥሚያ ለእሱ ደረሰው። ደብሊን ላይ፣ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ኮርክ ውስጥ ሰፈራችን በሙሉ ትኬት ገዝቷል፤ ቄሱ እንኳ አልቀሩም። የሚገጥመው ፈረንሳዊ የሚፈራው በቀኝ እጁ ነው፤ የሰውየው ቀኝ የሚመጣው ደግሞ በፊንባር ግራ በኩል ነው።

ዛሬ ጠዋት ወረፋ ስንጠብቅ በግራው በኩል ከረሜላ ዘረጋሁለት። አላየውም። እጄ ጉንጩን እስኪነካው ድረስ አላየውም። ፈገግ ብሎ ተቀበለኝ፤ እኔ ግን ነገሩ ገባኝ።

«ፒ፣ ኢ፣ ሲ፣ ኤፍ፣ ዲ» ብሎ አምስተኛውን መስመር ይጨርሳል።

«ጎበዝ» ይላሉ ዶክተር ቲርኒ። ልጆች ሆነን ኩፍኛችንን ያከሙት እሳቸው ናቸው። «እኔ እንኳን በመነጽሬም አራተኛው ላይ እደናቀፋለሁ።»

«ታዲያ እርስዎን ማን ይመታዎታል፣ ዶክተር?»

«እርጅና ነዋ። ያውም ዳኛ በሌለበት።»

ይስቃሉ። እስክሪብቷቸውን ወደ ወረቀቱ ዝቅ ያደርጋሉ።

«ዶክተር» እላለሁ። «አንዱን ፊደል በጣትዎ ይንኩና ይጠይቁት።»

ፊንባር ወደ እኔ ይዞራል፤ አንገቱን ብቻ ሳይሆን ትከሻውን ጭምር። «ምን ነካሽ እትዬ? ሰውየው ሥራቸውን ያውቃሉ እኮ።»

«ያውቃሉ። እኔም ሥራዬን አውቃለሁ።»

ሐኪሙ ትክ ብለው ያዩኛል። «ኦርላ» ይሉኝና ጉልበታቸውን ደግፈው ይነሳሉ። ሰሌዳው ጋ ሄደው ጣታቸውን ከላይ ያለችው ትልቋ ፊደል ላይ ያሳርፋሉ። ፊንባር ቀኝ ዓይኑን እንደገና ሸፍኗል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አቅንቶ በትሕትና ይጠብቃል። እኛም እንጠብቃለን።

«በሉ እሺ፣ ይንኩልኝ እንጂ» ይላል።

«ነክቻለሁ እኮ፣ ልጄ።»

እጁን ቀስ ብሎ ያወርዳል። አይቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«መቼ አወቅሽ?»

«ዛሬ ጠዋት። በከረሜላው።»

«እኔ ካወቅሁ ሁለት ዓመቴ።»

ሁለት ዓመት ማለት አራት ግጥሚያ ነው። በአራቱም ያንን ዓይን በጣቴ ገልጬ ደሙን ጠርጌለታለሁ፤ ውስጡን ግን አላየሁም። አፈርኩ።

«ሦስት ሳምንት ዝም ብትይ ምን ነበረበት፣ እትዬ?»

«ቀኙስ?» እለዋለሁ። «እሱንም ፈረንሳዊው ቢያጠፋው ማን ይመራሃል? እኔ እንደሆንኩ ጉልበቴ ደክሟል።» ልቀልድ ብዬ ነበር፤ ቀልድ ግን አልሆነልኝም። ይህ ልጅ ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ ሲመኘው የኖረውን ነገር በገዛ አፌ ነጠቅኩት። ዕድሜ ልኩን ቢቀየመኝም አልፈርድበትም።

ፊንባር ወለሉን ያያል። «እናታችን ብትኖር በእርጥብ ፎጣ ነበር የምትገርፈን።»

«አንተን አስቀድማ።»

«ሰሌዳውን የሰረቅሽው አንቺ ነሽ።»

ዶክተር ቲርኒ ይህን እንዳልሰማ ሰው ወደ ወንበራቸው ይመለሳሉ። ወረቀቱን ሳይፈርሙ መሳቢያ ውስጥ ከተው ይዘጉታል፤ ፊንባር የመሳቢያውን መዘጋት ሲሰማ ትከሻው ዝቅ ይላል።

«ቀኙን ደግሞ እንየው» ይላሉ ሐኪሙ።

መሸፈን ባያስፈልገውም ግራውን በመዳፉ ይሸፍናል። ይጀምራል። እንደ ቅድሙ አይንቆረቆርለትም፤ በየፊደሉ ይቆማል፣ ዓይኑን ጠበብ ያደርጋል፣ ቀጥሎ ያለውን ይፈልጋል። አምስተኛውን ያልፋል። ስድስተኛውን፣ ሰባተኛውን ያልፋል። ሐኪሙ «ይበቃል» ይሉታል፤ እሱ ግን አያቆምም። ግርጌ ላይ፣ በጉንዳን እግር የተጻፈች የምትመስል አንዲት የመጨረሻ መስመር አለች፤ ሰሌዳውን ያተመው ቤት ስም ናት። አንገቱን አስግጎ እሷንም አንድ በአንድ ያነባታል።

እሷን እኔ አላስጠናሁትም።