የተንግስተኑ ጫፍ

በዚያ የብየዳ ቤት በያጅ ገመድ አይነካም። ከማሽኑ ጋር ማገናኘት የአንዲት ረዳት ሥራ ነው፤ ከዚያ የተነሣ ስሟም ገመዴ ሆኖ ቀረ። በያጁ የሚይዘው ቶርች በማሽኑ ግራ ሶኬት፣ ብረቱን የሚነክሰው ሌላው ገመድ በቀኙ። እጇ ስለለመደው ሳታይ ትሰካዋለች።

ወንድሟን ወደዚህ ሙያ ያስገባችው እሷ ናት። አንድ ቀን እሷ ገመዱን በሰካችለት አዲስ ማሽን ሲበይድ፣ ከቶርቹ አፍ የሚወጣው መርፌ፣ የተንግስተኑ ጫፍ አስቸገረው። በሳለው ቁጥር እየቀለጠ ይድበለበላል።

«ዛሬ ምን ነካው?» አላት።

«ፎርማኑ የማይረባ ተንግስተን ሰጥቶህ ይሆናል። ዝም ብለህ ጨርስ።»

ጨረሰ። ቧንቧው በግፊት ሲፈተን ብየዳው ተሰንጥቆ ፈነዳ፤ ወንድሟም እዚያው ቀረ። ጭሱ ሳይጠራ ፎርማኑ ማሽኑ ላይ ጎንበስ ብሎ ሁለቱን ገመዶች ሲያቀያይር በዓይኗ በብረቱ አየችው። ለመርማሪዎቹ ግን «የልጁ እጅ ገና አልበሰለም ነበር» አላቸው።

ገመዴ የገባት መሰላት። ካቶድ፣ ማለትም ኔጌቲቭ የሆነ ተንግስተን ኤሌክትሮን እየሰጠ ይቀዘቅዛል። ገመዱ ተገልብጦ ፖዘቲቭ ሲሆን ግን ኤሌክትሮኑ እየደበደበ ያቀልጠዋል፤ ጠብታውም ብየዳው ውስጥ ገብቶ ያበላሸዋል። ፎርማኑ በልጁ የእጅ ሙያ ቀንቶ ገመዱን ገልብጧል፤ ሲፈነዳ ደግሞ መልሶ ማስረጃውን አጥፍቷል። ከዚያ ወዲህ ዓይኗን ደፍሮ አለማየቱስ?

 ሰላም ሲላት ሰላም እያለች፣ ጥርሷን እያሳየች ቀን ጠበቀች።

ቀኑ መጣ። ፎርማኑ የሙያ ፈቃዱን ለማሳደስ በፈታኝ ፊት ሊበይድ ነው። ከወደቀ እንጀራው ተዘጋ። ገመዴ ያንኑ ማሽን ከመጋዘን ጎትታ አወጣች። ከአደጋው ወዲህ ማንም አልሠራበትም።

«ሌላ ማሽን አጣሽ?» አላት።

«ይሄ ይሻላል ጋሼ። አዲስ ነው።»

ጓንቱን ሲያጠልቅ ቶርቹን በቀኝ፣ ሌላውን ገመድ በግራ ሰካች። በሕይወቷ እንዲህ ሰክታ አታውቅም።  ቅመሳት፣ አለች በሆዷ።

ፎርማኑ ገመዶቹን ለአፍታ አየና ጭንብሉን ደፋ።

የብየዳው እሳት፣ አርኩ ተለኮሰ። ገመዴ ተንግስተኑ እስኪድበለበል ጠበቀች። ወንድሟ በዚያች ሰዓት አጠገቧ ቆሞ ቢያይላት ደስ ባላት። አርኩ ግን አልተርገበገበም፤ ጸጥ ብሎ ስፌቱን ይዞ ሄደ።

ፈታኙ ብየዳውን በባትሪ እያበራ አገላብጦ አየው።

«ንጹሕ ነው። አልፈዋል» ብሎ ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ።

 ፎርማኑ ተንግስተኑ እስኪበርድ ጠብቆ ከቶርቹ ነቀለና ገመዴ መዳፍ ላይ አኖረው። ጫፉ እንደተሳለ ነው። ከአደጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አያት።

«የዚህ ማሽን ሶኬት ከሌሎቹ ተገልብጦ የተሠራ ነው፤ ትክክሉ እንዲህ ነው፣ ልጄ፤ ያን ቀንም ሰው ሳያይብሽ ያዞርኩት ወደዚሁ ነበር።»