የሬቤካ ቀስቶች

ሬቤካ ሦስተኛውን ቀስት ሰሌዳው ላይ ስትስል ከኋላዋ ሳቅ ተሰማ። ሁለት ባትሪና አንድ አምፖል የሚገናኙበት ነጥብ ላይ ሦስቱንም ኮረንቲ ወደ ውጭ አስወጥታቸዋለች።

«ሁሉም ከወጣ ማን ገባ?» አሏት መምህር በሪሁን። ደገኛ ናቸው፤ ጋምቤላ ስንት ዓመት አስተምረው ሙቀቱን ዛሬም አልለመዱትም፣ አንገታቸውን በመሃረብ እየጠረጉ ነው የሚፈትኑት።

ፈተናው ደግሞ የዋዛ አይደለም። አዲሱ ክልል የራሱን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሊያስተምር አንድ ሰው አዲስ አበባ ይልካል፤ አንድ ብቻ። ሬቤካ ያቺን ቦታ ከመፈለጓ የተነሳ ሰሞኑን እህል እንኳ አልበላ ብሏታል። ከእሷ በፊት ሰሌዳ ላይ የወጣው ዱዋል ሒሳቡን አጋምሶ ሳለ ቀስቱን ተጠራጠረና አዞረው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ሆነበት፤ ከዚያ ወዲያ የሠራውን ሁሉ ውሃ በላው።

«ገና አላወቅሁም ቲቸር» አለች። «ለጊዜው ሁሉም ይውጣ። የዋሸውን ሒሳቡ ይነግረናል።»

ሠራችው። ሁለቱ አንድ አንድ አምፒር ሆነው በሰላም ወጡ። በትልቁ ባትሪ በኩል ያለው ግን ሁለት ሆኖ፣ ከፊቱ ማይነስ አስቀድሞ መጣ። ማይነስ ባየች ቁጥር ተሳሳትኩ ብላ ስትሰርዝ የኖረች ልጅ ናት። ዳስተሩን አነሳች።

«ከምንም ያነሰ ኮረንቲ አለ እንዴ?» አሉ መምህሩ፣ ፊታቸውን ቅጭም አድርገው።

እጇ እንደተነሳ ቀረ። ከቤታቸው በታች ያለችው ትንሽ ወንዝ ትዝ አለቻት። ክረምት ላይ ባሮ ሲሞላ ገፍቶ ወደመጣችበት ይመልሳታል። ሰፈርተኛው ይስቅባታል እንጂ ወንዟ የለችም አይልም፤ ውሃም የሚቀዳው ያው ከእሷ ነው።

ዳስተሩን መልሳ አስቀመጠችው።

«ያነሰ አይደለም ቲቸር፣ ሁለት ነው። ቀስቴ ውጣ አለው፣ እሱ ግን እየገባ ነው። የኛም ሰፈር ወንዝ ባሮ ሲሞላ እንደዚህ ትሆናለች። ቀስቱንም ማይነሱንም አልነካም።»

መምህር በሪሁን ወደ ጠረጴዛቸው ሄዱ። ጠረጴዛው ላይ ባትሪዎቹና አምፖሉ ልክ እንደ ሰሌዳው ሥዕል ተያይዘው ነበር። ዜሮዋ መሃል ላይ የሆነች መለኪያ አመጡና በትልቁ ባትሪ መስመር ላይ፣ ሬቤካ ቀስቱን በሳለችበት አቅጣጫ አስገቧት። ተማሪው ሁሉ ከመቀመጫው ተነስቶ ከበባቸው። መርፌዋ ተንቀጠቀጠች፣ ከዜሮ ወደ ግራ፣ ወደ ማይነሱ ወገን ሄደች፣ ሁለት ላይ ቁጭ አለች።

ቀድሞ ያጨበጨበው ዱዋል ነው። ሬቤካ እንባዋና ሳቋ ተደባለቀባት፣ አላፈረችም።

«ሹራብ አለሽ?» አሏት መምህሩ።

ግራ ገባት።

«አዲስ አበባ እኮ ይበርዳል።»

ሹራብ የላትም። እናቷም የላትም፣ ጎረቤትም የለውም፤ እንዲያውም ስታስበው፣ ሹራብ የለበሰ ሰው ጋምቤላ ውስጥ አይታ አታውቅም።