ሰማያዊዋ መኪና ያልዛገችበት ቦታ

«ይቺን ጭርምት አጥፊልኝ።»

ሰውዬው ይህን ሲል መዳፉ ላይ አንዲት ሰማያዊ መኪና ይዞ ነበር...

መጫወቻ እንዳትመስላችሁ። ሞዴል ናት።

የሞተሯ ገመዶች ሳይቀሩ ከቀጭን የመዳብ ሽቦ የተሠሩ ናቸው። የፊት መብራቷ መስታወት ጠብ የተደረገ ነጭ የጥፍር ቀለም ነው። ጎማዋ ላይ ያለው አቧራ ደግሞ ጠመኔ ተፈጭቶ በብሩሽ የተነሰነሰ።

ስታዩዋት እኮ ሳታስቡት ቁልፍ ፍለጋ ኪሳችሁን ትዳብሳላችሁ...

የሠራቻትን ሴት ሰፈሩ «ጉንዳን» ይላታል። ትንሽ ነገር ላይ ተለጥፋ ስለምትውል ነው። ምላሷ ግን ትንሽ እንዳይመስላችሁ።

ሰውዬው መስታወት ቆራጭ ነው። አባቱ ከሞተ ወዲህ ከእናቱ ጋር ሆድና ጀርባ ሆነዋል።

ምን አደረገ መሰላችሁ?

አባቱ ዕድሜ ልኩን የነዳትን አሮጌ መኪና፣ ግቢውን አጣበበች ብሎ፣ እናቱን እንኳን ሳይጠይቅ ለብረት ሰብሳቢዎች አስረከባት።

እናቱ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም።

ከዚያ ወዲህ ግን ሊጠይቃት በሄደ ቁጥር መልሷ «ደህና ነኝ» ብቻ ሆነ። ግባ የለ፣ ቁጭ በል የለ። ልጅ እናቱ ቤት እንደ ቆጣሪ አንባቢ ደጅ ላይ ቆሞ ሲመለስ አስቡት...

ጨነቀው። መኪናዋ እንደሆነች ቀልጣለች፣ አትመለስም። ቢያንስ አምሳያዋን ይዤላት ልሂድ አለ። ለጉንዳን የመኪናዋን ፎቶዎች ሰጣትና፣ ከፋብሪካ እንደወጣች አድርገሽ ሥሪልኝ፣ አደራ አላት።

እሷ ሆዬ...

በሮቹ ሥር ዝገት። መሪው ላይ የእጅ ወዝ። የሾፌሩ ወንበር አንድ ጎኑ ሰመጥ ያለ። ይባስ ብላ የኋላ ጎማ መከለያዋ፣ ፓራፋንጎዋ ላይ ያቺን ጭርምት! ፕላስቲኩን ሻማ አጠገብ አሙቃ፣ በማንኪያ እጀታ ጫፍ ገፋ አድርጋ ነው ያመጣቻት።

ያቺ ጭርምት ደግሞ የቤተሰቡ ቀልድ ነበረች። ሰውዬው ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ «አባቴ እኮ ወደ ኋላ ሲነዳ ዓይኑን ጨፍኖ ነው» እያለ ሲያስቅባት ነው ያደገው። አባቱም አብሮ ይስቃል። አንድም ቀን መልስ ሰጥቶ አያውቅም።

እና አሁን፣ ስቱኮ ሙያትና ቀለም ደርቢባት፣ እናቴን ላስደስታት እንጂ ላስቀይማት አይደለም የመጣሁት አላት።

ጉንዳን ፎቶውን ፊቱ ዘረጋችለት።

ዝገት መቀባት ሥራዋ ነው። ውሃ የሚቋጥርበትን ጥግ፣ ጠጠር የሚፈናጠርበትን ቦታ እያሰበች፣ በስፖንጅ ቁራጭ ጠቅ ጠቅ እያደረገች ነው ያዛገቻት። ጭርምቷ ጋ ስትደርስ ግን ፎቶውን አየችና እጇ ቆመ።

«ላሜራ ተጨርምቶ ቀለሙ ከተሰነጠቀ፣ መጀመሪያ የሚዝገው እዚያ ነው» አለችው። «ይቺ መኪና ያልዛገችበት ቦታ የላትም፣ ከዚህች በስተቀር። እያት እስቲ እንዴት እንደምታበራ። አባትህ አልረሳትም ወንድሜ፣ ሲንከባከባት ነው የኖረው። እናትህ አጥፊያት ካለችኝ አጠፋታለሁ። ለአንተ ግን አልነካትም።»

ሰውዬው ብው አለ። አሁን ይሄ እሷን ምን አገባት? ሞዴሏን ካርቶን ውስጥ ከቶ፣ እያጉረመረመ እናቱ ቤት ሄደ።

እናቱ በሩን ከፈተች። «ደህና ነኝ» አለች፣ እንደ ልማዷ።

ካርቶኑን ከፈተላት።

የመዳብ ሽቦውን ልብ አላለችውም። መብራቱንም አላየችው። ጣቷ ቀጥ ብሎ ሄዶ የኋላ ፓራፋንጎዋ ላይ አረፈ... ጭርምቷ ውስጥ ገባ... እዚያው ቀረ።

«ግባ» አለችው። «ቁጭ በል።»

ከስንት ጊዜ በኋላ።

ጭርምቷ ዝገት እንደማታውቅ ለሠሪዋ ማን ነገራት ብላ ጠየቀችው። ማንም እንዳልነገራት፣ ከፎቶ ብቻ እንዳወቀችው ሲያስረዳት እናቱ እንባዋ መጣ። ከዚያ ነገረችው...

ልጅ ሳለ ነው። አባቱ የግቢውን በር ሊከፍት ሲወርድ፣ እሱ ከውስጥ ሆኖ የእጅ ፍሬኑን ይለቀዋል። መኪናዋ ልጁን እንደያዘች ቁልቁለቱን ወደ ኋላ ነጎደች። ታች ያለው የጭነት መኪና የሚርመሰመስበት ዋና መንገድ ነው። አባት ከኋላዋ እየሮጠ፣ እየጮኸ... መንገዱ ጫፍ ላይ ስትደርስ ከአንድ ዛፍ ጋር በፓራፋንጎዋ ተላትማ ቆመች።

ልጁን ጭረት እንኳን አልነካውም።

«አስጠግናት ሲሉት በጄ አላለም» አለች እናቱ። «ልጄ የተረፈባት ናት ይላል። ያጥባታል፣ ቀለም ይደርብላታል፣ ይወለውላታል። እሱ ከሞተ በኋላ እኔም ጠዋት ጠዋት በእጄ ነካ አደርጋት ነበር... አንተ እስክትሰጣት ድረስ።»

ሰውዬው አንገቱን ደፋ።

«እማ፣ ለምን አልነገራችሁኝም? እኔ እኮ ሰው ፊት ስስቅበት ነው የኖርኩት...»

«ጥፋተኛ ነኝ እያልክ እንዳታድግ ብሎ ነዋ። ስትስቅበት ደስ ይለው ነበር። ልጄ የሚስቀው እኮ በሕይወት ስላለ ነው ይለኝ ነበር።»

እናትና ልጅ ተቃቅፈው አለቀሱ።

ሰውዬው ለሞዴሏ በገዛ እጁ የመስታወት ሳጥን ሠራላት። ዛሬ እናቱ ሳሎን ብትገቡ ታዩታላችሁ። አንድ ጎኑን ክፍት ነው የተወው፣ የእናቱ ጣት እንዲገባ።

ወዳጆቼ... ወላጆቻችን ቤት ያለ የተጎዳ ነገር ሁሉ የተረሳ አይደለም። አንዳንዱ የተቀመጠው ስለ እኛ ነው። ከመጣላችንና ከመሳቃችን በፊት፣ አፍ አውጥተው የሚመልሱልን እያሉ እንጠይቃቸው።

እናንተስ? እናት ወይ አባታችሁ «እንዳለ ይቀመጥ፣ እንዳትነኩት» የሚሉት ነገር ምንድነው? ምክንያቱንስ ታውቁታላችሁ?

የምታውቁ እስቲ ከታች ጻፉልን... የማታውቁ ግን መጀመሪያ ደውሉላቸው።