ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት

ይህ ወሬ ጠብታ ውሸት የለበትም። አንዲት ቃል ጨምሬ ከተገኘሁ ይህ የለበስኩት ካፖርት እሳት ይሁንብኝ። እዚህ ነቀምቴ፣ በዚህ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዘበኝነት ቆሜያለሁ፤ ዓይኔ ዝንብ ስታዛጋ ያያል።

ሌሊሳ እንደ ልማዱ ስልኩን ግድግዳው ላይ ሰክቶ፣ መጽሐፉን ከፊቱ ገትሮ ተቀምጧል። ስልክ ሊሞላ የመጣ ተማሪ ሁሉ መጽሐፍ መክፈት አለበት፤ የቤቱ ሕግ ነው፣ ሕጉንም ያወጣሁት እኔ ነኝ። እሱ የመረጠው ስለ ንብ እርባታ የሚያወራውን ነው፣ ከመደርደሪያው ሁሉ የወፈረውን። የዓመት ጥጃ ያህላል፤ ከጀርባው ስልክ ቀርቶ ባጃጅ ይደብቃል። ሦስት ወር ሙሉ የሚከፍተው ያንኑ አንድ ገጽ ነው። ሁለት መቶ አሥራ ሦስት።

«ሌሊሳ፣ ያቺ ገጽ ገና አላለቀችም?»

«ከባድ ናት፣ ኦቦ ታፋ።»

«ሦስት ወር?»

«ጥልቅ ናት።»

ያን ቀን ግን ፊቱ ላይ ሳቅ የለም። ጠዋት መምህር ጫንያለው ድርሰቱን መልሶለታል።

«ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«ሰባት ቦታ ተቀምጠህ?»

ለካ ሰባት ተማሪ «ድርሰት ጻፍልኝ» ብሎ የየስልኩን ጠይቆ ያንኑ ድርሰት፣ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር፣ አስገብቷል። «አንድ ገጽ፣ በእጅህ፣ የራስህን። እስከ አሥር ሰዓት ካላመጣህ ዜሮ ነው፤ አባትህን ከዲጋ ይዘህ ትመጣለህ።» ሌሊሳ ዜሮውን ይችለዋል። አባቱ ኮፍያውን አውልቆ መምህር ፊት ሲቆም ማየትን ግን አይችልም።

እና ከመጽሐፉ ጀርባ ጣቱ ስልኩ ላይ ነው። «ሰው የጻፈው የሚመስል ጻፍልኝ» እያለው ነው።

ያኔ ሰማዩ ይቀደዳል። ዝናብ አልለውም፤ ዴዴሳ ወንዝ ራሱ ተነሥቶ በላያችን ቆመ። የሰጎን እንቁላል የሚያህል በረዶ ቆርቆሮውን ይደልቀዋል። አንድ መብረቅ ይወርድና ከነቀምቴ እስከ ጊምቢ ያለው መብራት ድርግም ይላል። የሌሊሳም ስልክ፣ ባትሪው ያረጀ ነውና፣ ከገመዱ ጋር አብሮ ይሞታል።

ገና ቀን ስምንት ሰዓት ነው፤ አዳራሹ አይጨልምም፣ አረንጓዴ ይሆናል፣ ውሃ ሥር እንዳለ ቤት። ወንበሮቹ ቀስ ብለው የሚዋኙ ይመስላሉ። ልጁ የሚያየው ቢያጣ ፊቱ ያለውን ገጽ ያያል። ሦስት ወር ሙሉ አጥሩ የነበረውን።

ፊደሎቹ መጀመሪያ ዝም ብለው ይቆማሉ። ቀጥሎ አንዷ ክንፏን ታራግባለች። ከዚያ ሌላዋ። አዳራሹ በዝግታ እምምም ይላል፤ ንቦቹ ከወረቀቱ እየተነሡ ግንባሩን ሽው ያደርጉታል፣ ጣሪያው ሥር ይሽከረከራሉ፣ ተመልሰው መስመራቸው ላይ ያርፋሉ። ሌሊሳ አይነቃነቅም። ያነባል።

ንብ አዲስ ቀፎ የምትገባው በአጋጣሚ ነው ይላል ገጹ።

ቅንድቡ ይነሣል። አባቱ ይታየዋል፤ ዲጋ፣ ዋንዛው ሥር፣ ባዶውን ቀፎ ዛፍ ላይ ሳይሰቅል በፊት ጥሩ በሚሸት ቅጠል ጢስ ሲያጥነው። «ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣» ይለዋል፣ «ንብ ቤቷን በአፍንጫዋ ነው የምትመርጠው።»

«መጽሐፉ አያውቅም» ይላል ሌሊሳ፣ ድምፁን አውጥቶ። እስክሪብቶ ያወጣል።

ምን ልበላችሁ። አንድ ገጽ የተባለው ልጅ አርባ ገጽ ጻፈ። እስክሪብቶው ጨሰ። ዘጠኝ መቶውን የመጽሐፉን ገጽ እዚያው ጨረሰው። መምህር ጫንያለው ሲያነብ ሁለት መሐረብ አርጥቧል። ሌሊሳን ያስተማረው መብረቁ ነው፤ መብራቱ ባይጠፋ ኖሮ ያ ልጅ እስከ ዛሬ ሶኬት ሥር ነበር።

ይህን ሳወራ የምትሰማኝ፣ መጽሐፍ የምታውሰው መክሊት ጠረጴዛዋ ላይ ማኅተሟን በጨርቅ ታጸዳለች። ቀና ሳትል ትናገራለች።

«ኦቦ ታፋ፣ ያን ቀን እኮ ዝናብ አልነበረም።»

«እንዴት አልነበረም?»

«ፀሐይ ነበረች። እርስዎም ካፖርትዎን ተከናንበው ተኝተው ነበር።» ማኅተሙን ገልብጣ ሥሩን ታየዋለች። «የጻፈውም አንድ ገጽ ነው፤ ወረቀቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። መብራት አልጠፋም። ስልኩን ራሱ ነው የነቀለው። ገመዱን ጣቱ ላይ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ማንበብ ጀመረ።»

ጨርቁን አጣጥፋ አስቀመጠች።

«አምስት ልጆች ተራ እየጠበቁ ቆመው ነበር። ሶኬቱ ተለቅቆም ማንም አልነካውም፤ እሱ ሲያነብ ያዩ ነበር።»