የእትዬ ዘርፌ መስኮት

ምንትዋብ ካረገዘች ወዲህ የኮንዶሚኒየሙ መስኮቶች በምሳ ሰዓት ይዘጋሉ። እናት የምትበላው የልጇን የሆድ ባክቴሪያና የወደፊት ጤና ስለሚወስን፣ ጤና ጣቢያው ለምንትዋብ በእጇ ያሰረላት መቆጣጠሪያ አምባር ያልተፈቀደ ምግብ ስትቀምስ ይጮሃል። ጎረቤቶቿ እንዳያምራት ብለው ነው የሚዘጉት።

ዛሬ ግን የእትዬ ዘርፌን መስኮት አንኳኳች።

«እናቴ እኔን ስታረግዝ የጥብስ ሽታ ካለበት ቤት ሁሉ ያጎርሷት ነበር። እናንተ ትደበቁኛላችሁ!»

«ኧረ አምባርሽ ይጮህብናል፣ ልጄ!»

«አልበላም፣ እትዬ። ላሽትት ብቻ።»

እትዬ ዘርፌ ሳቃቸው አመለጣቸውና መስኮቱን ወለል አድርገው ከፈቱት። ምንትዋብ ዓይኗን ጨፍና የጥብሱን ሽታ ወደ ውስጥ ሳበችው። አምባሩ ጭጭ አለ።

ወዲያው ከሦስተኛ ፎቅ ሌላ መስኮት ተከፈተ።

«ምንትዬ! ዶሮዬ ደርሷል፤ ሳይቀዘቅዝ ነይ አሽትቺ!»